ወደ ሳን ሆዜ፣ ፈረንጅ ስንላት ወደ ኖርናት ሴት

አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቼ ባገኙኝ ቁጥር «እስኪ አውሪን» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ፎቅና ስለ ድልድይ ነው። እኔ የማወራቸው ደግሞ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ጥቂት ሰምተው «እሺ፣ ድልድዩስ?» ይላሉ። ስለዚህ ድልድዩንም ሴትየዋንም አንድ ላይ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቀኑንና መንገዱን አላዛባም።

የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ጌታሁንን ልጠይቅ ነው። ሳን ሆዜ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ሥራው መንገደኛ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቫን ማመላለስ ነበር። ኩላሊቱ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻ በስልክ «እታለም፣ ነይና ልይሽ» አለኝ። ከእናቴ ልጆች እታለም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በስሜ ይታይሽ ነው የሚሉኝ። ሚስቱ ከኒውዚላንድ የመጣች ነርስ ናት፤ ማራማ ትባላለች። ሰርጋቸውን በፎቶ አይተናል፤ ጠይም ፊት፣ ጥቁር ጸጉር። ያም ሆኖ እቤታችን ውስጥ ስሟ «ፈረንጇ» ነው። «ፈረንጇ ደህና ናት?» «ፈረንጇ ጾም ታውቃለች?» እንላለን። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ማኦሪ ይባላል» ብዬ የምጽፍ፣ በፈተና ከሳተውም ተማሪ አንድ ነጥብ የምቀንስ መምህርት ነበርኩ። በሰሌዳው ላይ ያለው ስምና የወንድሜ ሚስት በጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም።

ቅዳሜና እሑድ

መንገዱ ክፍት ነው የተባለ ዕለት በጠዋት ተነሥቼ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። እናታችን ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጥጡን ራሷ የፈተለችውን ጋቢ አጣጥፋ ሰጠችኝና «በሽተኛ ይበርደዋል፣ አልብሽው» አለችኝ። እኔ በሶና ቋንጣ ጨመርኩበት። የዓባይን በረሃ ስንወርድና ስንወጣ ጋቢውን አቅፌው ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ሆዴ እንቢ አለኝ።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ተሳፈርኩ። ስለ አውሮፕላኑ የምለው የለኝም፤ እግር ያሳብጣል። ማክሰኞ ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ቋንጣዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰደብኝ። በሶውን አሸተተና መለሰልኝ። ጋቢውን ዘርግቶ አየው፣ እንደገና ሊያጥፈው ሞከረና ስላቃተው ሣቀ። ደግ ሰው ነው፤ ቋንጣዬን ግን አልማረም።

ይጠብቁኛል ብዬ ያሰብኩት ጌታሁንን ወይ ሚስቱን ነበር። የጠበቁኝ የጌታሁን ጓደኛ በላቸውና ሚስቱ ስንታየሁ ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል የተሰደዱ ናቸው። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እሷ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ስንታየሁ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ ቆየች። የማያውቁትን ሰው እንደዚያ አያቅፉም፤ እኔ ግን አገሩ አስተምሯቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ጌታሁንስ?» አልኩ።

«ሆስፒታል ነው፣ እትዬ» አለ በላቸው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ዛሬ ቪዚት አይፈቅዱም። እርስዎም ደክመዋል፣ መጀመሪያ ሬስት ያድርጉ።»

ድልድዩን የተሻገርነው ያኔ ነው። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፤ ረጅም ነው፣ ውኃው ግራጫ ነው፣ የዓባይ ድልድይ በስንት እጥፍ እንደሚገባበት ለማስላት ሞክሬ ተውኩት። ኦክላንድ ያለው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። መኝታቸውን ለቀው ለእኔ አነጠፉልኝና እነሱ ሳሎን ተኙ። ስንታየሁ የደም ግፊቴን ለካች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማ ለካች። ቅቅል ሠራች፣ ክትፎ ሠራች፤ ማንኪያዬን ባስቀመጥኩ ቁጥር «እትዬ በሞቴ» ትለኛለች። ጌታሁን ጋር ደውሉልኝ ስል ስልኩ ተዘግቷል አሉ። በራሴ ስልክ ለእናቴ ልደውል ስል ዋይፋዩ ተበላሽቷል አሉኝ። አመንኳቸው።

ረቡዕ

እንደ ነቃሁ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። በላቸው ዛሬ ምርመራ አለበት አለና አየር እንድቀበል አላሜዳ የምትባል ደሴት ወሰደኝ። ባሕር ዳርቻ ላይ ረጋ ያለ አሸዋ መስሎኝ ስራመድ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ያለኝ ጫማ አንድ ነው። በላቸው ተንበርክኮ እግሬን በውኃ ጠርሙስ አጠበልኝ፣ የራሱን ካልሲ አውልቆ አለበሰኝ፣ እሱ በባዶ እግሩ ጫማውን አጠለቀ። የሥጋ ወንድሜም ከዚህ በላይ አያደርግልኝም። ካልሲውን ሲያጠልቅልኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር፤ ንፋሱ ነው አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የስንታየሁ ስልክ ጮኸ። አየችውና ለባሏ «ፈረንጇ ናት» አለችው፤ መታጠቢያ ቤት ገብታም ዘጋችው። በበሩ በኩል እንግሊዝኛዋ ይሰማኛል፤ ደክሟታል፣ ነገ ትመጣለች፣ ነገ ትላለች። ስትወጣ ጠየቅኋት።

«ለምን አላነጋገርሽኝም?»

«ቢዚ ናት እትዬ፣ ዝም ብላ ኮል አድርጋ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ አናደደኝ። ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እህቱ ከዓለም ጫፍ መጥታ፣ አንዴ እንኳ ብቅ አትልም? «ፈረንጅ ምኑን ያውቀዋል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። በላቸውና ስንታየሁ ተያዩ። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአፌ መልሼ ብውጣት ስንቱን በሰጠሁ።

ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሳሎኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ሰዎቹ ግን አይናገሩም። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ስንት መርዶ ያረዳሁ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የአንዲት ወጣት መምህርት እናት ሞታ ሦስት ቀን ደብቄያታለሁ፤ እያበላሁ፣ እያሣቅሁ፣ ገበያ ይዣት እየዞርኩ። በሦስተኛው ንጋት ሽማግሌ ሰብስቤ ነገርኳት። ያን ሁሉ የማውቅ ሰው ክትፎውን፣ የደም ግፊቱን፣ ዋይፋዩን፣ የበላቸውን እንባ አይቼ አልጠረጠርኩም። ሰው የራሱ ሲሆን ዓይኑ ይታወራል።

ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ስንታየሁ ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ ገቡ። እንዳይናገሩ እጄን አነሣሁ። «መቼ?» ነው ያልኩት።

«ሰኞ፣ እትዬ» አለ በላቸው። «እርስዎ አየር ላይ እያሉ።»

የሆነውን አልጽፈውም። ሁላችሁም አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ። ስበርድ ውኃ አቀረቡልኝ፣ አጥሚት አጠጡኝ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሳን ሆዜ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ቀስ ብለን እንደርሳለን አሉኝ። ለቅሶ ደራሹም እየተፈራረቀ ገባ፤ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የመጡ ነበሩ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሰዉ ሁሉ ቆሟል። አሥር መስመር መኪና ቆሞ የሚጮህ የለም፤ የእኛ አገር ቢሆን ክላክሱ ሬሳ ይቀሰቅስ ነበር።

በላቸው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያን ጊዜ ተናዘዘ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ። ጌታሁን ያለው ቤቱ ነው። ከሆስፒታል ማክሰኞ አውጥታ ሳሎን አስቀምጣዋለች፣ ሳጥኑ ክፍት ነው። ከጎኑ አልተነሣችም። እታለም ሳትመጣ አልዘጋውም ብላ በየሰዓቱ ኮል ስታደርግ ነበር። በቃ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ግድ ነው መዝጋት፣ የቀብር መኪናው ኧፖይንትመንት አለው።»

«እና ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሬሳ ከፍቶ ማየት የፈረንጅ ነገር ነው ብዬ ነዋ። መርዶውንም ፊት ለፊት ዱብ ታደርግብዎታለች ብለን ፈራን። ፈረንጅ መርዶ ምን እንደሆነ አያውቅም ብለን…»

ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ነው። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ወርጄ በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ ያቃዠኝ መሰላቸው እንጂ የምሬን ነበር።

የደረስነው አምስት ሰዓት ከሩብ አልፎ ነው። ትንሽ ግቢ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። ከመኪናው ወርጄ ሁለት እርምጃ ስራመድ ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት ድምፅዋን አውጥታ ጠራችኝ። ቃሉን አላውቀውም። ረጅም ነው፤ ከሆድ ይነሣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላስፈለገኝም፤ እያለቀሰች «ግቢ» እያለችኝ ነው። እግሬ እዚያው ቆመ፤ አፌም ሳላዘው የጎጃምን ሙሾ አወጣ። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ከኋላዬ ስንታየሁና ሌሎቹ ሴቶች አነሡት። እንደዚያ እየተጠራራን እስከ በሩ ደረስን። ባልቴቷ የማራማ አክስት ናት፤ ከኒውዚላንድ የመጣችው ረቡዕ ነው፣ እኔን አላሜዳ ሲያናፍሱኝ።

ማራማ ከሳጥኑ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል፣ በአገሯ የሐዘን ወግ ጸጉሯ ላይ ቅጠል ጠምጥማለች። ተነሥታ መጣችና ግንባሯንና አፍንጫዋን ከግንባሬና ከአፍንጫዬ አገናኝታ ቆመች፤ እንባችን ተቀላቀለ።

«እታለም» አለችኝ። በወንድሜ ድምፅ አወራረድ ነው ያለችው። በዚያ አገር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሳጥኑ ተዘግቷል። ከላዩ ላይ በወፍ ላባ የተሠራ የቤተሰቦቿ ካባ ተነጥፎበታል።

«ጠበቅሁሽ» አለች በእንግሊዝኛ። «እየመጣች ነው እያልኩ ስነግረው ነበር። አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ተሰናበትነው። በእኛ ቤት ከተሰናበቱት በኋላ አይከፈትም። ግን አንቺ እህቱ ነሽ። ክፈቱ ካልሽ እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ።»

ስድስት ወንዶች ሊያነሡት ቆመዋል፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። ፊቱን ለማየት ከዓባይ ማዶ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ካየሁት ሰባት ዓመት አልፎኛል። ጣቴን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ። እሷ በወጉ ሸኝታዋለች፤ ሁለት ቀን ተኩል ሳትነሣ። ያረፈድነው እኛ ነን። በእኛ ስህተት የእሷን ስንብት ላፈርስባት ነው?

«አይከፈት» አልኩ።

ጋቢውን ዘርግቼ ከካባው ጎን አለበስኩት። ማራማ ጫፉን ይዛ አስተካከለችው። እናቴ እንዳዘዘችኝ አለበስኩት ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ አላጽናናኝም፤ ዛሬም አያጽናናኝም።

ዓርብ

ስንታየሁ ወደ ኦክላንድ ውሰዱኝ እንድል ጠብቃ ነበር። እኔ ሳን ሆዜ ቀረሁ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ከአክስትየውና ከማራማ ጋር ፍራሽ ዘርግተን ሦስታችንም ተኛን። እዚህ የምንለው ፍራሽ ላይ መቀመጥ እነሱም አላቸው፤ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት አክስትየው የተቀቀለ ድንች ያለበት የሥጋ ሾርባ አቀረበች፣ እኔ በሶ በጠበጥኩ። ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሾርባውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደግሜ ጠጥቻለሁ።

ማራማም ከበሶው ቀምሳ ሣቀች፤ ጌታሁን ሁልጊዜ ያወራልኝ የነበረው ይሄ ነው አለች። ይህን ጊዜ የከበደኝን አወጣሁት።

«ማራማ፣ እኛ ቤት ምን ብለን እንደምንጠራሽ ታውቂያለሽ?»

«ፈረንጅ» አለች ወዲያው፣ አጥርታ። «በስልኩ ውስጥ እሰማው ነበር። ጌታሁን መጀመሪያ ይቆጣችሁ ነበር፤ ኋላ ደከመውና ተወው።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«በእኛ አገር እናንተ ፈረንጅ ለምትሉት ሰው ስም አለው» አለች። «ፓኬሃ እንለዋለን። ስድብ አይደለም፤ የአባቴ እናት ፓኬሃ ናት፣ ራሷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። የማይወዱትም አሉ። እኔ ግን በእናቴም በአባቴ አባትም ማኦሪ ነኝ፤ ባሕር ተሻግረው የመጡት ሰዎች ከመድረሳቸው በፊት በዚያ ምድር የነበርነው።»

«በሰሌዳ ስጽፈው ኖሬያለሁ» አልኩ።

«ምን ብለሽ?»

«ነባር ሕዝብ፣ ማኦሪ። አንድ ነጥብ።»

ሣቀች፤ ሣቋ መካከል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ አክስትየው ጀርባዋን ደገፈቻት። ሲያልፍላት ነገረችኝ። ማኦሪ ማለት እንዲሁ ተራው ሰው፣ የተለመደው ማለት ነው። ሌላው ሰው ከመምጣቱ በፊት ለሁላቸውም አንድ ስም አላስፈለጋቸውም፤ እያንዳንዱ በነገዱ፣ በወንዙና በተራራው ይጠራ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ነው ተራው ሰው ስም ያስፈለገው። ሌላም መጠሪያ አላቸው፤ ታንጋታ ፌኑዋ፣ የምድሪቱ ሰዎች። ሕፃን ሲወለድ የእንግዴ ልጁን በዚያው ምድር ይቀብራሉ።

«እኛም እትብታችን የተቀበረበት እንላለን» አልኳት።

«አውቃለሁ። በመጀመሪያ ያፈቀርኩት ያን ሲነግረኝ ነው።» የበሶ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እዚህ ግን እሱም እኔም የምድሪቱ ሰዎች አይደለንም። የዚህ ሸለቆ ባለቤቶች ኦሎኒ ይባላሉ። ስንቀብረው በልቤ እነሱን አስፈቅጃለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ስም ከመጠየቅ ፈረንጅ ማለት ቀሎን ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ናት በላቸውን «መርዶ አታውቅም» ያሰኘችው፣ ስልኩን መታጠቢያ ቤት ያስገባችው፣ የወንድሜን ፊት ያስቀረችብኝ። በላቸው ብቻ ቢሆን ጥፋተኛው ይቀለኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን እኔም ጮክ ብዬ ብያታለሁ።

ቅዳሜ

ለሣልስቱ የኦክላንድ ሰዎች ምግብ ተሸክመው መጡ። በላቸው ትልቅ ድንጋይ ፈልጎ አንገቱ ላይ አድርጎ ነው የገባው። መጀመሪያ እኔ ፊት ቢቆምም እጁን ይዤ ወደ ማራማ መራሁት።

«ይቅርታውን ለእሷ በል» አልኩት።

በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጀምሮ ሁለቱም አልመጡለትም። ማራማ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አውርዳ ከሎሚው ዛፍ ሥር አስቀመጠችው፤ ወጉን ጌታሁን ነግሯት ይሆን፣ ወይ ገብቷት፣ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ሳህን አቀረበችለት። ድንጋዩ እስክሄድ ድረስ እዚያው ነበር።

መመለሻ

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ማራማ እስከ ፍተሻው ሸኘችኝ፤ የጌታሁንን መነጽር በመሐረብ ጠቅልላ ለእናቴ ብላ ሰጠችኝ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የጠበቁኝ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው። ለእናታችን አልተነገራትም፤ ዛሬ ትረፍ፣ ነገ ንጋት ላይ ሰው ጠርተናል አሉኝ። አንድ ሰዓትም አልደብቃትም አልኳቸውና ሻንጣዬን ሳላወርድ ገባሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

ከአጠገቧ ተቀምጬ መነጽሩን ጭኗ ላይ አደረግኩት።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረቤቱ ዶሮ እየሠራ ያበላኛል። ምን ሆኜ ነው ዶሮ የምበላው? ጨነቃቸው ብዬ ዝም አልኩ።» መነጽሩን በጣቷ ዳበሰች። «ፊቱን አየሽው?»

«አላየሁትም እማዬ። ጋቢሽን ግን አልብሼዋለሁ።»

ወንድሞቼ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። ሚስቱ ከጎኑ ሳትነሣ ሁለት ቀን ተኩል አልቅሳለታለች። መሬት ላይ ተቀምጣ።»

«ፈረንጇ?»

«ፈረንጅ አይደለችም፣ እማዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ኒውዚላንድ፣ ስለ ማኦሪና ስለ ፓኬሃ ላስረዳት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«ስሟን ንገሪኝ» አለች። «ስሟን ሳላውቅ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ?»

ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የጎረቤት ሴቶች ድምፅዋን ሰምተው በሩጫ ሲገቡ እንዲህ እያለች አገኟት፤

ማራማ ልጄ ሆይ፣ ባሕር ማዶ ያለሽ፣
እናቱ ርቄበት በፋንታዬ ያለቀስሽ።